ሁለት ጊዜ የተጻፈ ያጣላል

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግን ነን። ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን ሥራ ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ሐረግ የጎደለው ሆኖ ይታየዋል፤ ይኸውም «ሁለት ጊዜ የተጻፈ ግን ያጣላል» የሚለው ነው። አንድ ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ ከተጻፈ በኋላ፣ ያው ዋጋ በሌላ ሰው እጅ ወደ ሌላ መዝገብ ሲገለበጥ፣ በመካከሉ አንዲት ዜሮ ብትወድቅ ወይም አንዲት ማሻሻያ ብትዘነጋ ሻጭ ከገዢ፣ አለቃም ከሠራተኛው ይቀያየማል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጉዳይ ይህን ሁለተኛ ጽሕፈት ስለ ማስቀረት ነው። ለደንበኛ የዋጋ ማቅረቢያ የሚያዘጋጀውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሒሳብ ከሚይዘው ፕሮግራም ጋር ማገናኘት፣ የክፍያ መጠየቂያውም ማንም ሳይገለብጠው በራሱ ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ ማድረግ ማለታችን ነው። ነገሩ ለሒሳብ ባለሙያ ብቻ የሚነገር ይመስል ይሆናል። የሆነ ሆኖ ነገ የግዢ ክፍል ኀላፊ፣ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ወይም የራሱን ንግድ ጀማሪ የሚሆነው ወጣት ከዚህ ጉዳይ ጋር መገናኘቱ ስለማይቀር፣ አስቀድሞ ቢያስብበት አይጎዳም።

የአንድ ፕሮፎርማ ታሪክ

ከዩኒቨርስቲ እንደ ወጣን መጀመሪያ የተቀጠርነው የቢሮ ዕቃ እየሠራ ለልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በሚሸጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት ነበር። የእኛ ሥራ ለደንበኞች ፕሮፎርማ ማዘጋጀት ነው። በአጠገባችን ባለው ክፍል ደግሞ በሒሳብ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ሒሳብ ሹም ነበሩ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የነበረው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ያ ግድግዳ ምን ያህል ወፍራም እንደ ነበረ ያወቅነው ግን በኋላ ነው።

በግንቦት ወር ለአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ፣ ወንበርና መደርደሪያ ለማቅረብ የ480,000 ብር ፕሮፎርማ ጻፍን፤ አንዱን ቅጂም ለጋሼ ሰጠናቸው። ገዢው በጀቱ አልበቃ ስላለው ከመደርደሪያዎቹ ጥቂቱን ሰረዘና ዋጋው ወደ 412,000 ብር ወረደ። እኛም የተሻሻለውን ፕሮፎርማ አዘጋጅተን በኢሜይል ላክን፤ ገዢው ፈርሞ መለሰ፤ ዕቃውም በቀኑ ተሠርቶ ገባ። ለጋሼ ግን አዲሱን ቅጂ መስጠት ዘነጋን። እርሳቸውም በእጃቸው ያለውን ይዘው፣ በ480,000 ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደምረው፣ የ552,000 ብር መጠየቂያ ላኩ። መጠየቅ የነበረበት 473,800 ብር ነበር። ልዩነቱ 78,200 ብር መሆኑ ነው።

የገዢው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን መለሰው። ያደረገውም ትክክል ነበር፤ ያልተዋዋለውን ዋጋ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የለምና። ታዲያ አዲሱ መጠየቂያ እስኪጻፍ፣ እስኪፈረም፣ ማኅተም እስኪያርፍበት፣ ከአንዱ ጠረጴዛም ወደ ሌላው እስኪዛወር ድረስ ሰኔ 30 ደረሰና የበጀት ዓመቱ ተዘጋ። ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት ተሻገረ። የሐምሌ ደመወዝ ዘገየ። ዕቃውን ሌሊት ሳይቀር እየሠሩ ያደረሱት አናጢዎች የቤት ኪራይ መክፈያ አጥተው ብድር ሲፈላለጉ በዐይናችን አየን። ለጋሼም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው።

በማግሥቱ ወደ ክፍላቸው ገብተን፣ «ጋሼ፣ ዋጋው እኮ ተሻሽሎ ነበር» አልናቸው።

«ልጄ፣ ለእኔ ማን ነገረኝ?» አሉ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሁለት ቀን ዝም አልን። ዝምታው እንቅልፍ የማይሰጥ ዝምታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀርበን ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ተናገርን፤ የጋሼም ደብዳቤ ከፋይላቸው ወጣ። ገንዘቡ ግን የመጣው መስከረም ከጠባ በኋላ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነን ኖሯል። ጋሼ ሰነፍ አልነበሩም፤ እኛም ክፉ አልነበርንም። ሁለታችንም በየበኩላችን ሥራችንን በትጋት ሠርተናል። የተሳሳተው ሰው ሳይሆን አሠራሩ ነበር። አንድ እውነት ሁለት ቦታ እንዲኖር ካደረጉት፣ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ባለበት ይቀራል። ይህን በምክርና በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማስቀረት አይቻልም።

የሻይ ቤቱ ኮምፒዩተር

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። በእንግሊዝ አገር በብዙ ከተሞች የሻይ ቤቶች የነበሩት ጄ. ላዮንስ የተባለ ኩባንያ በዚሁ ችግር ሲጨነቅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሁለት ሠራተኞቹን የቢሮ ሥራ እንዴት እንደሚሻሻል እንዲያጠኑ ወደ አሜሪካ ላከ። እነርሱም በዚያ ስለ ኤሌክትሮኒክ የስሌት መኪና ሰምተው ተመለሱ። ኩባንያውም ለካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ የኮምፒዩተር ሥራ ርዳታ ከሰጠ በኋላ፣ የዩኒቨርስቲውን መኪና አርአያ አድርጎ የራሱን ሠራ። ስሙንም ሊዮ አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1951 ይህ መኪና የዳቦና የኬክ ምርቱን ዋጋ በየሳምንቱ ማስላት ጀመረ። በዓለም ላይ ለንግድ ቤት የዘወትር የቢሮ ሥራ የሠራ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ይኸው መሆኑ ይነገርለታል። የዳቦና የሻይ ነጋዴ ከታላላቅ ፋብሪካዎች ሁሉ ቀድሞ ኮምፒዩተር ማሠራቱ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው።

ከመኪናው ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነን የተከተሉት ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ሻይ ቤት በየቀኑ የሚፈልገው ዳቦና ኬክ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ቋሚው ትእዛዝ አንድ ጊዜ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲያ የሻይ ቤቷ ኀላፊ በስልክ የምትናገረው ለውጡን ብቻ ነበር፦ «ከዚህ ጨምሩ፤ ከዚያ ቀንሱ» ማለት ነው። የተናገረችው ለውጥ በካርድ ላይ ተበስቶ ወደ መኪናው ይገባል። ጋጋሪው የሚጋግረውን፣ አሻጊው የሚያሽገውን፣ ሒሳብ ክፍሉም የሚመዘግበውን ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ምንጭ ያገኛል። አንድ ጊዜ ጽፎ፣ ለውጡን ብቻ መዝግቦ፣ ሁሉም ከዚያው እንዲቀዳ ማድረግ ይሉሃል ይህ ነው። ዛሬ ስለ ፕሮግራም ማገናኘት የሚነገረው ነገር ሁሉ ሥሩ ከዚህ አያልፍም።

መንግሥታትም ይህን መንገድ ተከትለውታል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2005 ጀምሮ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚቀርብ መጠየቂያ ሁሉ በኤሌክትሮኒክ እንዲሆን ደነገገች። ኢጣልያም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2019 ወዲህ በአገር ውስጥ ነጋዴዎች መካከል የሚደረገውን መጠየቂያ ጭምር በዚሁ ሥርዓት አስገባች።

መገናኘቱ እንዴት ይፈጸማል?

ዋጋ ማቅረቢያ የሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም ፓንዳዶክና ፕሮፖዚፋይ የተባሉት ይገኛሉ። ሒሳብ ከሚይዙት ደግሞ የአሜሪካኑ ኩዊክቡክስና በኒውዚላንድ የተመሠረተው ዚሮ የታወቁ ናቸው። በአገራችን ለብዙ ዘመን በሒሳብ ክፍሎች የተለመደው ፒችትሪ ነው፤ አምራቾቹ ዛሬ ሴጅ 50 ይሉታል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የዋጋ ማቅረቢያው በየደረጃው ስም አለው፦ በረቂቅ ላይ ያለ፣ የተላከ፣ ደንበኛው የተቀበለውና የፈረመበት እየተባለ ይመዘገባል። ደንበኛው በፈረመ ጊዜ ፕሮግራሙ ለሒሳቡ ፕሮግራም በኢንተርኔት መልእክት ይልካል። በመልእክቱ ውስጥ የደንበኛው ስም፣ የዕቃው ወይም የአገልግሎቱ ዝርዝር፣ ብዛቱ፣ ነጠላ ዋጋው፣ ታክሱና የመክፈያው ቀን ይገኛሉ። የሒሳቡ ፕሮግራም ይህን ተቀብሎ ደንበኛውን በመዝገቡ ውስጥ ይፈልጋል፤ ካጣው አዲስ ይከፍትለታል፤ ከዚያም መጠየቂያውን ያዘጋጃል። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ይህን መገናኛ ከፋብሪካቸው ይዘውት ይመጣሉ። ለሌሎቹ እንደ ዛፒየር ያለ አገናኝ አገልግሎት እንደ አስተርጓሚ በመካከል ይቆማል። ሁለቱም የማይሆኑ ከሆነ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ ቀጥሮ ማሠራት ይቻላል። በኮምፒዩተሩ ላይ ብቻ ተጭኖ ከኢንተርኔት ርቆ የሚሠራ አሮጌ የሒሳብ ፕሮግራም ያለው መሥሪያ ቤትም ፈጽሞ ተስፋ አይቈርጥም፤ የዋጋ ማቅረቢያውን ዝርዝር በሠንጠረዥ ፋይል አውጥቶ፣ ሳይገለብጥ እንዳለ ወደ ሒሳቡ ሊያስገባው ይችላልና።

ሁለት ቤቶችን በድልድይ ከማገናኘት መጀመሪያውኑ አንድ ቤት መሥራት ይሻላል የሚሉም አሉ። የቤልጅጉ ኦዱና የሕንዱ ኢ.አር.ፒ.ኔክስት ዋጋ ማቅረቢያውን፣ ትእዛዙንና መጠየቂያውን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ይይዛሉ። አዲስ ድርጅት ለሚያቋቁም ወጣት ይህ ሊታሰብ የሚገባው አማራጭ ነው። የብዙ ዓመት ሒሳቡን በአንድ ፕሮግራም ላይ ለያዘ መሥሪያ ቤት ግን ድልድዩ ይቀለዋል።

ድልድይ ሲሠራ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ለአገናኙ የሚሰጠው ፈቃድ ለሚሠራው ሥራ የሚበቃ ብቻ ይሁን። መጠየቂያ ለመጻፍ የተፈቀደለት ባንክ ከፍቶ ማየት የለበትም። ሠራተኛው ከሥራ ሲሰናበት ፈቃዱ አብሮት እንዳይሄድም በድርጅቱ ስም እንጂ በግለሰብ ስም አይከፈት።

ከአገራችን ልማድ የሚመጡ እንቅፋቶች

በድርጅታችን ከዚያ ጥፋት በኋላ በተከታዩ ዓመት ሁለቱ ፕሮግራሞች ተገናኙ። እኛም ከእንግዲህ ጣጣው ሁሉ አለቀ ብለን ነበር፤ አላለቀም። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት በሌላ አገር ልማድ ስለሆነ፣ ለእኛ ልማድ የሚሆን ዝግጅት የምናደርገው ራሳችን ነን።

የመጀመሪያው እንቅፋት ፊደላችን ነበር። «ዓለም» የሚል ቃል በስሙ ውስጥ ያለበትን አንድ ደንበኛ እኛ በዐይኑ «ዓ» ጽፈነዋል፤ ጋሼ ደግሞ ቀደም ሲል በአልፋው «አ» መዝግበውታል። ለእኛ ዐይን ሁለቱ አንድ ናቸው። ለመኪናው ግን ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸውና ለአንድ ደንበኛ ሁለት ሒሳብ ከፍቶ ተገኘ። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ነገሩ ይብሳል። መድኀኒቱ ደንበኛውን በስሙ ሳይሆን አሥር አሃዝ ባለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ እንዲለይ ማድረግ ነው። ቁጥር ሀሌታውንም ሐመሩንም አያውቅም።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠራችን ነው። ነሐሴ 20 ቀን ውል ተፈርሞ «በአንድ ወር ውስጥ ይከፈል» ቢባል፣ እኛ መስከረም 20 ብለን እንረዳዋለን። ፕሮግራሙ 30 ቀን ቈጥሮ መስከረም 15 ላይ ያደርሰዋል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመትማ መስከረም 14 ይላል። ስለዚህ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ «አንድ ወር» ብሎ ከመጻፍ የቀኑን ብዛት ወይም ቀኑን ራሱን ቈርጦ መጻፍ ይበጃል።

ሦስተኛው የታክሱ ነገር ነው። «ዋጋው 100,000 ብር ነው» የሚል ማቅረቢያ ሁለት ትርጉም አለው። ታክሱን ጨምሮ ከሆነ፣ የሻጩ ድርሻ 86,956.52 ብር፣ ታክሱም 13,043.48 ብር ነው። ከታክሱ በፊት ከሆነ ደግሞ ደንበኛው የሚከፍለው 115,000 ብር ነው። ሰው ቢጠራጠር ይጠይቃል፤ መኪና ግን ሳይጠይቅ ከሁለቱ አንዱን ይዞ ይሄዳል።

አራተኛው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ደንበኛው ሲፈርም ሠላሳ በመቶውን አስቀድሞ ቢከፍል፣ ያ ገንዘብ ዕቃው እስኪደርስ ድረስ ለድርጅቱ ገቢ ሳይሆን ዕዳ ነው። አገናኙ ይህን ለይቶ እንዲያስገባ ካልታዘዘ፣ ያልተሠራ ሥራ ትርፍ ሆኖ በመዝገብ ይታያል። በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ትርፍም ሥራ አስኪያጅን ያታልላል።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ እናሳስባለን። ፕሮግራሙ የሚያወጣው የክፍያ መጠየቂያ ነው እንጂ ሕጋዊ ደረሰኝ አይደለም። በአገራችን ደረሰኝ የሚወጣው ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በፈቀደው መንገድ ነው። ፊርማውን በሚመለከት ግን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ስለ ሰጠ፣ በኮምፒዩተር የሚፈረም ውል ሕግ የማያውቀው ነገር አይደለም።

የመልእክት መደጋገምም አለ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲመለስ ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለአንድ ሥራ ሁለት መጠየቂያ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዋጋ ማቅረቢያ የራሱን ቁጥር ወደ መጠየቂያው ይዞ እንዲሄድና የሒሳቡ ፕሮግራም አንድ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አልቀበልም እንዲል ማድረግ ያስፈልጋል።

ሒሳብ ሹሙ ሥራ ይፈታልን?

አንዳንድ ወጣት ጓደኞቻችን ይህን ስንነግራቸው፣ «ታዲያ ሒሳብ ሹም ለምን ያስፈልጋል?» ይሉናል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ኑሮውን በግልበጣ ሥራ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው ወንበሩ መነቃነቁ አይቀርም። ይህን ደብቀን «ማንም አይነካም» ብንል እውነቱን ሸሸን ማለት ነው። ሥራ አስኪያጆችም ፕሮግራም ከመግዛታቸው በፊት ሠራተኛውን ለማስተማር ቢያስቡ ግዴታቸውን ተወጡ ይባላል።

ነገር ግን ሒሳብ ማወቅና ቁጥር መገልበጥ አንድ አይደሉም። የዘረዘርናቸውን እንቅፋቶች እያንዳንዳቸውን ነቅሰው ያወጡት ጋሼ ናቸው እንጂ እኛ የዩኒቨርስቲ ምሩቃኑ አይደለንም። ሁለቱ ፕሮግራሞች በሚገናኙበት ሰሞን እኛ መጠየቂያው ደንበኛው እንደ ፈረመ ወዲያው በራሱ ይላክ ብለን ተከራክረን ነበር። እርሳቸው ግን፣ «አይሆንም፤ ይጻፍ፤ ግን በረቂቅ ይደር። እኔ ሳላየው ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉ። እንደ ኋላ ቀርነት ቈጠርነው። ለዚያ «ዓለም» ለተባለው ደንበኛ በስሕተት የተከፈተው ሁለተኛ ሒሳብ የተያዘው ግን በዚያ ረቂቅ ላይ ነው። ወረቀቱ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ ወደ ሰኔው ጣጣ በተመለስን ነበር።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። መኪና የሰጡትን ያባዛል። ግልጽ ውል ብትሰጠው ግልጽ መጠየቂያ ያወጣል፤ የተድበሰበሰ ውል ብትሰጠው ስሕተቱን ከሰው እጅ በፈጠነ ፍጥነት ያዳርሰዋል። ስለዚህ ፕሮግራም ከመግዛት በፊት ማን ዋጋ እንደሚያሻሽል፣ የትኛው ቅጂ የመጨረሻው እንደ ሆነ፣ ማንስ አይቶ እንደሚያጸድቅ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተነጋግሮ መወሰን ይገባል። ይህን ያልወሰነ መሥሪያ ቤት ምንም ያህል ውድ ፕሮግራም ቢገዛ፣ ግድግዳውን ከክፍል ወደ ኮምፒዩተር አዛወረው እንጂ አላፈረሰውም።

በዚህ ዓመት ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ወደ ሥራ የምትገቡ ወጣቶች ሆይ! በምትመደቡበት መሥሪያ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። አንድ ወረቀት ከተጻፈበት ጠረጴዛ ተነሥቶ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ ተከትላችሁ ቍጠሩ። ያ ቍጥር የመሥሪያ ቤቱን ድካም ይነግራችኋል። ከዚያም ሒሳብ ክፍሉን አንኳኩታችሁ ግቡና እዚያ ለተቀመጡት አዛውንት፣ «ጋሼ፣ የሚቸግርዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኛ ይህን ጥያቄ ያቀረብነው ዘግይተን ነው። ድርጅቱን ለቅቀን ስንወጣ ልንሰናበታቸው ወደ ክፍላቸው ብንገባ፣ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በኮምፒዩተሩ ላይ የተሰለፉትን ረቂቆች አንድ በአንድ ያጸድቁ ነበር። ቀና ብለው አዩንና፣ «ልጄ፣ ዛሬ የተሻሻለ ዋጋ አለ?» አሉን። «የለም፣ ጋሼ» አልናቸው። «ቢኖርም አየው ነበር» አሉና ፈገግ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።